ለጌም የሚሆን ቲቪ ልትገዙ ነው? ብሩን ከማውጣታችሁ በፊት ሜትር አውጡ



የዛሬው ርዕስ ከሐኪም የሚጠበቅ አይመስልም። ግን እኔ በምሠራበት በጀሞ አካባቢ ወላጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል። በተለይ ትምህርት ሲዘጋ፣ ልጁን ለጉንፋን አምጥተው ሊወጡ ሲሉ ዞር ይሉና፣ «ዶክተርዬ፣ ይሄ ልጅ ፕሌይስቴሽን ቤት እየዋለ አስቸገረን። ዕቁብ ሲደርሰን እዚሁ እቤት እንዲጫወት ትልቅ ቲቪ ልንገዛለት ነው። ስንት ኢንች ይሻላል? ዓይኑን አያጠፋብንም?» ይላሉ።

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። ቲቪ ትልቅ ወጪ ነው፣ አንዴ ከተገዛ ደግሞ ለዓመታት ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ነው። ስለዚህ ሻጩ የማይነግራችሁን ከጤና አንጻር ልንገራችሁ።

1. ቲቪ ዓይን ያጠፋል?

አጭሩ መልስ፦ አያጠፋም።

«ከቲቪው ራቅ በል፣ ጨረሩ ዓይንህን ይጎዳሃል» እየተባልን ነው ያደግነው። ነገሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የድሮዎቹ ከኋላ ጎበጥ ያሉ ቲቪዎች በውስጣቸው በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠራ የመስታወት ቱቦ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ውስጥ ጀነራል ኤሌክትሪክ ከሚገባው በላይ ኤክስሬይ የሚያወጡ ባለቀለም ቲቪዎች ተገኝተውበት እንዲስተካከሉ ተደርጓል። «ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ» የሚለው ምክርም ያኔ በሰፊው ተሰማ። የዛሬዎቹ ጠፍጣፋ ቲቪዎች (ኤልሲዲ፣ ኤልኢዲ፣ ኦሌድ) ግን ያ ቱቦ የላቸውም፤ ኤክስሬይም አያመነጩም።

ታዲያ ጌም ሲጫወቱ ውለው ዓይን የሚቆጠቁጠው ለምንድን ነው? በአብዛኛው የዓይን መድረቅ ነው። ሰው በተለመደው ሁኔታ በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ይህ በግማሽ ወይም ከዚያም በላይ ይቀንሳል፤ እንባው ዓይኑን በደንብ አያዳርስም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ ያህል 6 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የራቀ ነገር ማየት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ በመስኮት ማዶ ያለውን ብሎክ ማየት ይበቃችኋል።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ነገር አለ። ስልክ ከዓይን 30 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ነው የሚያዘው፤ ቲቪ ግን ሁለት ሜትር ይርቃል። ዓይንን የሚያደክመው ቅርብ ነገር ላይ ለረጅም ጊዜ ማተኮር ነው። ስለዚህ ልጁ ጌም መጫወቱ ካልቀረ፣ ለዓይኑ ከስልክ ይልቅ ቲቪ ይሻለዋል።

👉 ልጃችሁ እየቆጣችሁትም ወደ ቲቪው የሚጠጋ ከሆነ «ቲቪው ዓይኑን አበላሸው» ብላችሁ አትደምድሙ። ምናልባት ድሮውኑ ሩቅ ስለማይታየው ይሆናል የሚጠጋው። እንዲህ ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ ሰሌዳውም አይታየውም። «ሰነፍ ነው» ተብሎ ከመፈረጁ በፊት ዓይኑን አስመርምሩት። መነጽር ካስፈለገው ይህ ምርመራ ከየትኛውም ቲቪ በላይ ይጠቅመዋል።

2. ስንት ኢንች?

ኢንቹ የሚለካው ከስክሪኑ አንድ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ነው። አንድ ኢንች 2.5 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ሜትር አውጥታችሁ፣ ልጁ ከሚቀመጥበት ሶፋ ቲቪው እስከሚቆምበት ቦታ ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ፦

👉 32 ኢንች፦ ከ1 እስከ 1.3 ሜትር
👉 43 ኢንች፦ ከ1.3 እስከ 1.75 ሜትር
👉 55 ኢንች፦ ከ1.7 እስከ 2.25 ሜትር
👉 65 ኢንች፦ ከ2 እስከ 2.65 ሜትር

ይህ ስክሪኑ የእይታችሁን ስፋት ምን ያህል እንደሚሸፍን በማስላት የተገኘ ነው (ከ30 እስከ 40 ዲግሪ)። ትንሽ ብትርቁ ምንም አትሆኑም፤ ምስሉ ከማነሱ በቀር። በጣም ስትጠጉ ግን ሌላ ችግር ይመጣል። በጌም ውስጥ ስትሮጡና ስትዞሩ ዓይን «እየተንቀሳቀስን ነው» ይላል፤ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ደግሞ «ኧረ ተቀምጠናል» ይላል። አእምሮ ሁለት የተለያየ ወሬ ሲደርሰው ራስ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። መኪና ውስጥ እያነበቡ ሲሄዱ የሚሰማው ዓይነት ማለት ነው። ስክሪኑ ትልቅና ቅርብ ሲሆን ይህ ይብሳል። ጠባብ ሳሎን ውስጥ 65 ኢንች ከመስቀል 43 ወይም 50 መግዛት ለኪስም ለራስም ይሻላል።

የከፍታውም ነገር አለ። ብዙ ቤት ቲቪው ኮርኒስ ሊነካ ምንም አይቀረው። ቀና ብሎ ሁለት ሰዓት የተጫወተ ልጅ አንገቱን ቢያመው አይገርምም። የስክሪኑ መሐል ተቀምጣችሁ ከዓይናችሁ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ቢል ጥሩ ነው። መስኮት ፊት ለፊት ወይም መስኮት ከጀርባው አድርጋችሁም አታስቀምጡት፤ ነጸብራቁ ዓይን ያደክማል።

3. ፎርኬ፣ 120 ኸርዝ፣ ጌም ሞድ... የቱ ያስፈልጋል?

ፎርኬ፦ 43 ኢንች ቲቪን ከ1.7 ሜትር ገደማ በላይ ርቆ ለሚያይ ሰው፣ ጤናማ 6/6 ዓይን ቢኖረውም እንኳ ፎርኬን ከፉል ኤችዲ መለየት ይቸግረዋል። ይህ የዓይናችን የማየት አቅም ገደብ ነው፤ ሻጩ ምንም ቢል አይቀየርም። ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ፎርኬውን ውሰዱ፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ብራችሁን አትርፉ።

ኸርዝ፦ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚያድስ ነው። ቤታችሁ ያለው ፒኤስ 4 ከሆነ በሰከንድ ከ60 በላይ ምስል ለቲቪው አይልክም። ስለዚህ ለ120 ኸርዝ መክፈል ትርፉ የለም። ፒኤስ 5 ካላችሁ ግን 120 ይጠቅማል፤ ያኔ ቲቪው ኤችዲኤምአይ 2.1 እንዳለው አረጋግጡ።

ጌም ሞድ፦ ለተጫዋቹ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። ቲቪ ምስሉን ለማሳመር ሲሞክር ይዘገያል። ጆይስቲኩን ስትጫኑና ተጫዋቹ ኳሷን ሲመታ መሐል ክፍተት ይፈጠራል። ጌም ሞድ ያንን የማሳመር ሥራ ያጠፋዋል። ከተቻለ ፕሌይስቴሽኑን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ አስገጥማችሁ ሞክሩት።

ብርሃን፦ ሱቅ ውስጥ ያለ ቲቪ ዓይን እንዲስብ ተብሎ ብርሃኑና ቀለሙ በጣም ከፍ ተደርጎ ነው የሚቀመጥ። እቤት ስታደርሱ ቀንሱት። ማታ መብራት አጥፍቶ መጫወትም ይቅር፤ ሳሎኑ ውስጥ ለስለስ ያለ መብራት ይኑር።

4. የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለ ይህን ክፍል አትዝለሉት

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 1997 ጃፓን ውስጥ ፖኬሞን የተባለው የካርቱን ፊልም እየታየ ሳለ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሰከንድ 12 ጊዜ ገደማ እየተፈራረቀ ብልጭ አለ። ወደ 700 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ሆስፒታል ተወሰዱ። አንዳንዶቹ መንቀጥቀጥ አጋጥሟቸው ነበር፤ ሌሎቹ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ። ከነዚህ መካከል ከዚያ በፊት ጥሏቸው የማያውቁ ልጆችም ነበሩ።

ይህ ምን ያስተምረናል? ቲቪ የሚጥል በሽታን አይፈጥርም። ነገር ግን አእምሯቸው ለብልጭታ ስሜታዊ የሆነ ጥቂት ሰዎች አሉ፤ በእነሱ ላይ ሊቀሰቅሰው ይችላል። የሚጥል በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች 3 ያህሉ ብቻ ናቸው እንዲህ የሆኑት። በልጆችና በወጣቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። ስለዚህ «የሚጥል በሽታ ያለበት ሁሉ ቲቪ አይይ» ማለት ስህተት ነው። ሐኪሙን ጠይቁ።

ብልጭታ የሚቀሰቅሰው ልጅ ካለ ግን የቲቪ ምርጫችሁ ይለያል፦

👉 ትልቁን ስክሪን ተዉት፤ አነስ ያለ ገዝታችሁ ከላይ ካለው ርቀት በላይ ራቅ ብሎ ይቀመጥ።
👉 ብርሃኑን ቀንሱ፣ ክፍሉ አይጨልም።
👉 እንቅልፍ ባጣበት ወይም መድኃኒት በዘለለበት ቀን ጌም አይነካ።
👉 ድንገት ብልጭታ ከበዛ አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ ፊቱን እንዲያዞር አስተምሩት። ሁለቱንም ዓይን መጨፈን በቂ አይደለም፤ ብርሃኑ በዓይን ቆብ በኩል ያልፋል።

ልጁ ቢወድቅስ? በጎኑ አስተኙት፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት ያዙ። ክብሪት ጭራችሁ አታሽቱት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ምንም ነገር አታስገቡ፣ ውሃ አታጠጡት፣ ጨምቃችሁ አትያዙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም የመጀመሪያው ከሆነ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠበል የምትወስዱት ከሆነ ውሰዱት፤ ግን መድኃኒቱን አታስቋርጡት። ሁለቱ አይጣሉም። መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ግን ልጁ ላይ የሚመጣው ከባድ ነው።

5. ቲቪው እንዳይወድቅ

የዛሬ ቲቪዎች ሰፊና ቀጭን ናቸው፤ እግራቸውም ትንሽ ነው። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ የቡፌውን መሳቢያ እንደ ደረጃ ይወጣበታል። ታላቅየው ጆይስቲኩን ለማምጣት ገመዱን ሲስብ፣ ታናሽየው ከሥር ቆሞ ሊሆን ይችላል። ከላይ የሚወድቅ ቲቪ ሕፃንን የሚያገኘው ራሱ ላይ ነው።

ስለዚህ ግድግዳ ላይ አስመቱት፤ ካልሆነም በማሰሪያ ከግድግዳው ጋር እሰሩት። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብዙ ጊዜ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ስለሆነ ተራ ፊሸር ላይይዝ ይችላል፤ ለባለሙያው ክብደቱን ንገሩት። ልጅ የሚያጓጓውን ሪሞትና አሻንጉሊት ቲቪው አናት ላይ አታስቀምጡ። በአንድ ዲቫይደር ላይ ቲቪ፣ ፕሌይስቴሽንና የውሃ ማፍያ አትደርድሩ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ለሚያስቸግር ሰፈር ስታብላይዘር ግዙ።

ራሱን የተመታ ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ራሱን ከሳተ «ትንሽ ይረፍ» አትበሉ። ሆስፒታል!

6. የት ይቀመጥ? ስንት ሰዓት?

ቲቪው ሳሎን ይሁን፣ ልጁ መኝታ ቤት አይግባ። መኝታ ቤት ያለ ቲቪ ሌሊቱን ይበላል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አያስፈልገውም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ከ1 ሰዓት መብለጥ የለበትም።

«ሱስ ይሆንበታል ወይ?» ለምትሉ፦ ጌም የሚወድ ልጅ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። ድርጅቱ የጌም ሱስን በበሽታ ዝርዝሩ ያካተተው ልጁ መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከትምህርቱና ከሌላው ሕይወቱ ሁሉ ጌሙን ሲያስቀድም፣ ጉዳት እያየም ሲቀጥልና ይህ በአብዛኛው 12 ወር ሲቆይ ነው። እንዲህ ከሆነ ዱላ ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው።

ልጁ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ውጭ ይዋል። የቀን ብርሃን ሩቅ ያለማየት ችግር (ማዮፒያ) እንዳይጀምር እንደሚከላከል በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ግቢ ውስጥ የሚመታው እውነተኛ ኳስ ከፊፋው ጋር አብሮ ይሂድ።

ሲጠቃለል

✅ መጀመሪያ ርቀቱን ለኩ፣ ከዚያ ኢንቹን ምረጡ።
✅ ጌም ሞድ መኖሩን አረጋግጡ፤ 120 ኸርዝ የሚያስፈልገው ማሽናችሁ ከቻለ ብቻ ነው።
✅ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ካለ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ።
✅ ቲቪውን እሰሩት።
✅ አንድ ቁጥር አነስ ያለ ቲቪ ገዝታችሁ፣ በተረፈው ብር የልጁን ዓይን አስመርምሩ።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ ነው፤ ሐኪም ቀርቦ መታየትን አይተካም። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ቲቪ ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁም አጋሩት።

መልካም ጤና፣ መልካም ጨዋታ!