የቴፒ ሌሊትና የኮርኒሱ ቬንትሌተር

ከጅማ ተነስቶ፣ ቦንጋን አልፎ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወርድ ተጓዥ ሚዛን ተፈሪ ሲደርስ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ቴፒ ሲገባ ደግሞ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ሚዛን ከባሕር ወለል በላይ 1,450 ሜትር ግድም፣ ቴፒ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናቸው። ልዩነቱ ሲነገር ኢምንት ይመስላል። ሆኖም ሚዛን ላይ ብርድ ልብስ ስቦ የተኛ ሰው ቴፒ ላይ አንሶላው ራሱ ይከብደዋል፤ በተለይ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ባሉት የየካቲትና የመጋቢት ሌሊቶች። በቴፒ አልጋ ቤቶች ኮርኒስ ላይ የተንጠለጠለው ባለ ሦስት ክንፍ ቬንትሌተር ያኔ ይፈለጋል። ይፈለጋል እንጂ አይከበርም። እንግዳው ገና ቁልፉን ሲቀበል “ኤሲ የላችሁም?” ይላል፤ የለም ሲባል ቅር እያለው ቬንትሌተሩን የመጨረሻው ፍጥነት ላይ ያደርግና፣ በሩን ቆልፎ እራቱን ሊበላ ይወጣል። ሲመለስ ክፍሉ ያው ነው። “ይሄ ነገር አይሠራም” ብሎ ያማርራል።

ይሠራል። ችግሩ እንግዳው ከቬንትሌተሩ የማይገኝ ነገር መጠበቁ ነው። ቬንትሌተር ክፍል አያቀዘቅዝም። የተለመደው የኮርኒስ ቬንትሌተር ከ60 እስከ 80 ዋት ኃይል ይወስዳል፤ ያ ኃይል በሙሉ መጨረሻው ሙቀት ነው። ሰው በሌለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ሲሽከረከር ያመሸ ቬንትሌተር ክፍሉን በጥቂቱ ያሞቀው እንደሆነ እንጂ አያበርደውም። የሚያቀዘቅዘው ሰውን ነው።

የተኛ ሰው ገላ ከ70 እስከ 80 ዋት ግድም ሙቀት ያመነጫል። ይህ ሙቀት ቆዳን ተጠግቶ በሚቆመው ስስ የአየር ንብርብር ውስጥ ይታፈናል። ላብ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ነገር ግን እንደ ቴፒ ባለ እርጥበታማ አገር ያ ንብርብር ቶሎ በተን ስለሚሞላ ላቡ መሄጃ አጥቶ ገላ ላይ ይንጠባጠባል። ቬንትሌተሩ ይህን ንብርብር ጠርጎ በሌላ አየር ይተካዋል። በሰከንድ 0.8 ሜትር ብቻ የሚጓዝ ነፋስ እስከ 3 ዲግሪ የሚደርስ ቅዝቃዜ እንዲሰማን ያደርጋል፤ ክፍሉ 28 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ገላ 25 ዲግሪ ውስጥ ያለ ያህል ይሰማዋል። ለእንቅልፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰውነት ሊተኛ ሲል የውስጥ ሙቀቱን ወደ 1 ዲግሪ ያህል ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ለዚህም የእጅና የእግርን ደም ሥሮች ከፍቶ ሙቀቱን ወደ ውጭ ይለቃል። በሞቃት ሌሊት ሰው ሳያውቀው እግሩን ከአንሶላ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ለመሣሪያውም ልኩን መስጠት ያስፈልጋል። አየሩ ራሱ 40 ዲግሪ ሲደርስ ነፋሱ ገላን ያሞቃል እንጂ አያበርድም። ጋምቤላ ላይ በበጋ ቀትር ኤሲ የሚመኝ ሰው አይፈረድበትም። ቴፒ ግን ጋምቤላ አይደለችም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ባረፈበት አንድ የቴፒ አልጋ ቤት ቬንትሌተሩ ይበራል፤ መስኮቱ ግን ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ሊከፍተው ሲታገል ያየችው አስተናጋጅ በቅን ልቦና “ጋሼ፣ ይተዉት፤ ነፋስ እንዳይመታዎት” አለችው። ይህ ፍርሃት የቴፒ ብቻ አይደለም። በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ስልሳ ሰው በላብ ታፍኖ ሳለ “መስኮቱን ዝጋው!” የሚል ድምፅ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ጉንፋንን የሚያመጣው ነፋስ ሳይሆን ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም ሆነ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው ይበልጥ የሚዛመተው አየር በማይንቀሳቀስበት ዝግ ቤት ነው። እርግጥ ነው፣ ኃይለኛ ነፋስ ፊትና አንገት ላይ ብቻ ሲያርፍ ቢያድር ዓይንና ጉሮሮ ያደርቃል፤ አንገትም ሊያስይዝ ይችላል። መድኃኒቱ ፍጥነቱን መቀነስ ወይም ትራሱን ወደ ሌላው የአልጋ ጫፍ ማዞር ነው። መስኮት መዝጋት መድኃኒት ሆኖ አያውቅም።

ቴፒ ላይ ደግሞ መስኮት መዝጋት ከሌላው ቦታ ሁሉ የባሰ ጥፋት ነው። ከተማዋ ውስጥ ያለው የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል በያዘው መዝገብ የአካባቢው አማካይ ከፍተኛ ሙቀት 30 ዲግሪ ግድም፣ አማካይ ዝቅተኛው ደግሞ ከ15 እስከ 16 ዲግሪ ግድም ነው። ዝቅተኛው የሚመዘገበው ሊነጋጋ ሲል ነው። እንግዲህ እንግዳው በላብ ተጠምቆ በሚገላበጥበት ሰዓት፣ ከመስኮቱ ማዶ የትኛውም ኤሲ የማይበልጠው አየር በነፃ ቆሟል ማለት ነው። ሙቀቱ የሚያድረው ቤት ውስጥ ነው። ቆርቆሮው ቀን ሲግል ይውላል፤ የብሎኬቱ ግድግዳ ሙቀቱን ያጠራቅምና ማታ ቀስ እያለ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። የድሮው ሳር ቤት ይህ ችግር አልነበረበትም፤ ወፍራም የሳር ክዳን የፀሐይን ሙቀት ወደ ውስጥ በቀላሉ አያሳልፍም። በዚህ አገር ቡናው እንኳ በጥላ ዛፍ ሥር ነው የሚያድገው፤ ሰው ግን ግቢውን መንጥሮ በራቁት ቆርቆሮ ሥር ይተኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። ምሽት ላይ መጀመሪያ መስኮትና በር ከፍቶ ኮርኒሱ ሥር የታቆረውን ሙቅ አየር ማስወጣት ነው፤ ይህ ሳይሆን ቬንትሌተሩን ማስነሳት ያንን ሙቀት ወደ አልጋው ጎትቶ ማውረድ ይሆናል። የሚቆም ወይም የጠረጴዛ ቬንትሌተር ያለው ሰው ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ መስኮቱ ላይ ቢያስቀምጠው ሙቁን አየር ይገፋለታል፤ በሌላው መስኮት ቀዝቃዛው ይገባል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የኮርኒሱን በመካከለኛ ፍጥነት ማስነሳት በቂ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብዙ ሰው በርዶት ተነስቶ ያጠፋዋል።

መስኮት የመክፈት ዕድል የሌላቸው አሉ። በትልልቅ የሽርሽር መርከቦች የውስጠኛ ክፍሎች ጭራሽ መስኮት የላቸውም፤ ቅዝቃዜ የሚመጣላቸው በቧንቧ ነው። በረንዳ ባላቸው ክፍሎችም በብዙ መርከቦች ላይ የበረንዳው በር ሲከፈት ኤሲው በራሱ ይቆማል፤ የባሕሩ እርጥበት ገብቶ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ውሃ እንዳይቋጥር ነው። በሞቃት ባሕር ላይ ሌሊቱም ከቀኑ እምብዛም አይበርድምና የመርከቡ ተሳፋሪ ያለ ማሽን መላ የለውም። የቴፒ ሆቴል ግን መስኮት ዘግቶ ኤሲ ሲተክል ራሱን በገዛ ፈቃዱ መርከብ ያደርጋል። ለአንድ ክፍል የሚበቃ ኤሲ 1,000 ዋት ግድም ይወስዳል፤ በዚህ ኃይል ከደርዘን በላይ ቬንትሌተር ይሽከረከራል። ኤሲ መጀመሪያም ለእንቅልፍ አልተፈጠረም፤ ዊሊስ ካሪየር እ.ኤ.አ. በ1902 የነደፈው ብሩክሊን ውስጥ ላለ ማተሚያ ቤት፣ ወረቀቱ በእርጥበት እንዳይበላሽ ነበር። የኮርኒሱ ቬንትሌተር ቀድሞታል፦ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ፊሊፕ ዲህል የተባለ በሲንገር ኩባንያ የሚሠራ ሰው የልብስ ስፌት መኪና ሞተር ላይ ክንፍ ገጥሞ ጣሪያ ላይ ሰቀለው።

“መስኮት ክፈቱ ትላለህ፣ የወባ ትንኟስ?” የሚል ሰው ልክ ነው። ቴፒ ወባማ አካባቢ ናት፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝም የምትነድፈው ማታና ሌሊት ነው። መልሱ የመስኮት ወንፊት ነው፤ ከአጎበር ጋር። ቬንትሌተሩም ያግዛል፦ ትንኝ ደካማ በራሪ ስለሆነች ነፋሱ ያደናቅፋታል፣ ሰው ፊት የምትደርስበትን የትንፋሽ ሽታም ይበታትንባታል። ቢሆንም አጎበሩን አይተካም። አጎበር ነፋሱን ስለሚቀንስ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ መጨመር ይበቃል። አጎበሩን ከቬንትሌተሩ ዘንግ ጋር ማሰር ግን አደገኛ ልማድ ነው፤ ይህን የሚያደርጉ አልጋ ቤቶች ዛሬውኑ ሌላ ሚስማር ይምቱ።

ሌላም ልማድ አለ፤ አልነሳ ያለን ቬንትሌተር በመጥረጊያ እንጨት ገፍቶ ማስነሳት። እንዲህ የሚነሳ፣ ወይም እያንጎራጎረ የማይዞር ቬንትሌተር አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ አልተቃጠለም፤ የደከመው ካፓሲተሩ ነው፣ እርሱም በጥቂት ብር የሚለወጥ ዕቃ ነው። ማታ ማታ ብቻ የሚያዘግም ከሆነ ደግሞ የመብራቱ ኃይል ወርዷል። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ክንፉ ተጣሟል ወይም አንደኛው ላይ አቧራ ተከምሯል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማየት ከባለሙያ በፊት ይቀድማል።

ቴፒ፣ ሚዛንና በበቃ አካባቢ አዲስ ሆቴል የሚሠሩ ሰዎች ስለ ኤሲ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ፦ በእያንዳንዱ ክፍል በሁለት አቅጣጫ መስኮት ያውጡ፤ መስኮቱንም በወንፊት ይሸፍኑ። እንግዳው ያለ ስጋት ከፍቶት ይተኛ፤ የቀረውን ቬንትሌተሩ ይሠራዋል።