ሕመም የሌለው ደዌ

በባሌ ደጋና ቆላ፣ ከሮቤና ከጎባ ጀምሮ ከሳነቴ አምባ ማዶ እስከ ደሎ መና በተዘረጋው አገር፣ ሰው ደዌውን የሚመዝነው በሥቃዩ መጠን ስለሆነ፣ ምጥ የጠናባት ሴት ስትጮኽ ወይም ጎልማሳው በቁርጠት ሲንከባለል ጎረቤቱ ሁሉ ቃሬዛ ይዞ ይነሣል። ነገር ግን አንድ አባወራ ማለዳ ሲነቁ ቀኝ እጃቸው ዝሎ፣ ከንፈራቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሞ፣ አንደበታቸው ተሳስሮ ቢገኙ፣ «ምንዎን ነው የሚያምዎ?» ተብለው ሲጠየቁ የሚያመለክቱት ሥፍራ አይኖራቸውምና፣ «ብርድ መትቷቸው ነው፤ ይተኙና ይነሣሉ» ተብሎ ጋቢ ይደረብላቸዋል።

በእኔ አስተያየት፣ እንዲህ በስትሮክ፣ ማለትም በአንጎል ደም ሥር መዘጋት ወይም መፈንዳት፣ የተያዘ ሰው ወደ ሐኪም ሳይደርስ የሚዘገይበት ዋነኛው ምክንያት ይኸው «ካላመመ አያሰጋም» የሚለው እምነት ነው። እውነታው ግን አንጎል የአካላትን ሁሉ ሕመም እያወቀ ለራሱ የሕመም ስሜት የሌለው መሆኑ ነው፤ ስለዚህም ደም ሥሩ በረጋ ደም ሲዘጋ፣ ሐኪሞች እንደሚያሰሉት በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት፣ ያለ አንዳች ጩኸት ይሞታሉ። ብርቱ ራስ ምታትና ትውከት ብዙ ጊዜ የሚታየው ደም ሥሩ ፈንድቶ ደም ሲፈስ ነው። የደጋው ብርድም የበሽታው ሥር አይደለም፤ ሥሩ ለዓመታት ሳይሰማ የኖረ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ወይም በልጅነት በሩማቲክ ትኩሳት የተጎዳ የልብ በር ነውና፣ «የሽማግሌ በሽታ ነው» የሚለውም ቃል ወጣቱን አይታደገውም።

ደዌውን የመንፈስ ምት አድርገው የሚያዩም አሉ፤ ክርስቲያኑ ወደ ጠበል፣ ሙስሊሙ ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን ያስባል። ጸሎትን ማቃለል ከእኔ ይራቅ፤ ሆኖም መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል፣ የእስልምና ሊቃውንትም መታከምን ይመክራሉ። ጠበሉ ከነገ ወዲያም በሥፍራው ይገኛል፤ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

«ጎባ ሆስፒታል ቢደርሱስ ምን ይደረግላቸዋል?» የሚለው ጥያቄ ከድካምና ከድህነት የመነጨ ስለሆነ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። ያ መድኃኒት ያለ ሲቲ ስካን ምርመራ አይሰጥም፤ በአገራችንም የሚገኘው በጥቂት ሆስፒታሎች ነው፤ አዲስ አበባም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይሁን እንጂ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የደም ስኳርን መለካት፣ ግፊትን በልክ መቆጣጠር፣ መዋጥ የተሳነውን መጠበቅ ይችላል፤ ስኳሩ እጅግ የወረደበት ሰው ስትሮክ የያዘው መስሎ ሊታይ፣ ጉሉኮስ ሲሰጠውም ወዲያው ሊነሣ ይችላልና፣ ይህ እንዲያው የሚናቅ ምርመራ አይደለም።

ምልክቱ በጥቂት ጊዜ ከጠፋም «ዳኑ» ብሎ መመለስ አይገባም፤ ዋናው ስትሮክ በተለይ በሚቀጥሉት 2 ቀናት ውስጥ ሊከተል ይችላል።

እንግዲህ ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲሳሰር ያየ ሰው ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ሳይጠብቅ ተሽከርካሪ ይፈልግ፣ ወይም በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። ወተትም ሾርባም ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል፣ አስፒሪንም ደም እየፈሰሰ ከሆነ ስለሚጎዳ፣ በአፍ ምንም አይስጥ፤ በሽተኛውን በጎናቸው ያስተኛ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ደኅና ሆነው የታዩበትን የመጨረሻ ሰዓት ነውና፣ ያን ሰዓት የሚያውቀው የቤት ሰው አብሮ ይሂድ።