ሙቀት ቆጣቢ መስኮት

ሙቀት ቆጣቢ መስኮት ማለት የቤት ውስጥ ሙቀት በመስታወቱ፣ በመቃኑ (ፍሬሙ) እና በክፍተቶቹ በኩል ወደ ውጭ እንዳያመልጥ ተደርጎ የሚሠራ የመስኮት ዓይነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት መስታወት፣ በመስታወቶቹ መካከል የታሸገ ጋዝ፣ እንዲሁም ለዓይን የማይታይ ስስ የብረት ቅብ አለው። በኢትዮጵያ ከተሞች የተለመደው ባለ አንድ መስታወት የብረት መስኮት ለደጋ ብርድ ይበቃ ይሆናል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግን የጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ስለሚችል፣ የመስኮት ምርጫ የማሞቂያ ወጪን፣ የቤቱን ምቾትና የነዋሪዎቹን ጤና ይነካል።

ሙቀት የሚወጣበት መንገድ

ሙቀት በመስኮት በኩል በአራት መንገድ ይወጣል።
- በንክኪ (ኮንዳክሽን)፦ በመስታወቱና በመቃኑ ጠጣር አካል ውስጥ አልፎ፤
- በአየር ዝውውር (ኮንቬክሽን)፦ በመስታወቶች መካከል ያለው አየር ሲሽከረከር፤
- በጨረራ፦ ሞቃቱ የውስጥ መስታወት ለቀዝቃዛው የውጭ መስታወት ኢንፍራሬድ (ታህታይ ቀይ) ጨረር ሲለቅ፤
- በፍሳሽ፦ ሞቃት አየር በክፍተት ሲወጣና ቀዝቃዛ አየር ሲገባ።

አሠራር

የመስኮቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ከእነዚህ መንገዶች አንዱን ይገታሉ። በሁለት መስታወቶች መካከል ከ12 እስከ 16 ሚሊሜትር የሚሆን ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ ከዚህ በጣም ከጠበበ ሙቀት በቀላሉ ይሻገራል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ በውስጡ ያለው ጋዝ እየተሽከረከረ ሙቀቱን ያጓጉዛል። ክፍተቱን የሚሞላው አርጎን ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር በሲሶ ያህል ያነሰ ነው። ሎው-ኢ የተባለው ቅብ ብዙ ጊዜ ከብር የሚሠራ ሲሆን ብርሃንን አሳልፎ ኢንፍራሬዱን ወደ ቤት ይመልሳል። የመስታወቶቹን ዳር የሚያራርቀው ዘንግ አሉሚኒየም ከሆነ ዳሩ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከፕላስቲክ ወይም ከአይዝጌ ብረት የተሠራው ይመረጣል።

በመለያው ላይ ያሉ ቁጥሮች

በአሜሪካ ኤን.ኤፍ.አር.ሲ. የተባለው በ1989 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የመስኮት ደረጃ ምክር ቤት በመስኮቶች ላይ የሚለጠፍ መለያ ያወጣል። ለቀዝቃዛ አገር ዋና ዋናዎቹ ቁጥሮች ሦስት ናቸው።
- ዩ-ፋክተር፦ መስኮቱ ሙቀት የሚያሳልፍበት ፍጥነት ነው። ሲያንስ ይሻላል።
- የፀሐይ ሙቀት ቅበላ፦ ከ0 እስከ 1 የሚጻፍ ሲሆን፣ መስኮቱ ላይ ካረፈው የፀሐይ ሙቀት ምን ያህሉ ወደ ቤት እንደሚገባ ያሳያል።
- የአየር ፍሳሽ፦ 0.3 ወይም ከዚያ በታች መሆን ይገባዋል።

በ2023 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው የኢነርጂ ስታር መመዘኛ ሚኒሶታን ለሚያካትተው የሰሜን ቀጠና 0.22 ዩ-ፋክተር ይጠይቃል። የፀሐይ ቅበላው ከፍ ያለ መስኮት ግን ዩ-ፋክተሩ በመጠኑ ቢበልጥም ሊያልፍ ይችላል። የአሜሪካና የአውሮፓ ቁጥሮች በተለያየ መለኪያ ስለሚጻፉ እንዲሁ ማወዳደር ያሳስታል። የአሜሪካውን ወደ አውሮፓው (ዋት በካሬ ሜትር በዲግሪ) ለመቀየር በ5.68 ማባዛት ያስፈልጋል። በዚህ መሠረት 0.22 ወደ 1.25 ይሆናል።

ምሳሌ

በመስኮት የሚወጣ ሙቀት = ዩ-ፋክተር × የመስኮቱ ስፋት × የውስጥና የውጭ መጠነ ሙቀት ልዩነት

ስፋቱ 1.5 ካሬ ሜትር የሆነ መስኮት ይወሰድ። ውስጡ 20 ዲግሪ፣ ውጭው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 35 ዲግሪ ነው። በተለመዱት የአውሮፓ መለኪያ ቁጥሮች ሲሰላ፦
- አንድ መስታወት (5.8)፦ 305 ዋት ያህል፤
- ቅብ የሌለው ሁለት መስታወት (2.8)፦ 147 ዋት፤
- ሎው-ኢና አርጎን ያለው ሁለት መስታወት (1.3)፦ 68 ዋት ያህል፤
- ሦስት መስታወት (0.8)፦ 42 ዋት።

ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው መሸጋገር 237 ዋት ያህል ያድናል፤ ከሦስተኛው ወደ አራተኛው መሸጋገር ግን የሚያድነው 26 ዋት ብቻ ነው። ስለሆነም ሦስት መስታወት ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት አይቻልም። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ሲሆን፣ ብርዱ ረጅም ሲሆን ወይም መስኮቱ ሰፊ ሲሆን ግን ይመረጣል።

አቅጣጫ፣ መቃንና አከፋፈት

በሰሜን ንፍቀ ክበብ በብርድ ወራት ፀሐይ ዝቅ ብላ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ፣ ለደቡብ መስኮት ከፍተኛ የፀሐይ ቅበላ ያለው መስታወት ነፃ ሙቀት ያስገኛል። በምዕራብ በኩል ግን የበጋው የከሰዓት ፀሐይ ቤቱን ስለሚያግል ዝቅተኛ ቅበላ ይሻላል። በሰሜን በኩል ዋናው ነገር ዩ-ፋክተሩ ነው።

እንጨት፣ ቪኒልና ፋይበርግላስ ሙቀትን በደንብ ይከላከላሉ። አሉሚኒየም በመካከሉ ሙቀት የሚያቋርጥ ፕላስቲክ ከሌለው ለብርድ አገር አይሆንም። በማጠፊያ የሚከፈት መስኮት ሲዘጋ ላስቲኩን ስለሚጫን፣ ብዙውን ጊዜ ከተንሸራታች መስኮት ያነሰ አየር ያፈሳል።

ጤዛ የሚናገረው

ጤዛ የሚታይበት ቦታ የመስኮቱን ሁኔታ ይጠቁማል። ከላይ በተጠቀሰው ብርድ የአንድ መስታወት የውስጥ ገጽ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የሎው-ኢ ሁለት መስታወት ግን 14 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። 20 ዲግሪ በሆነና የእርጥበት መጠኑ 50 በመቶ በሆነ ክፍል ጤዛ የሚጀምረው 9 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንጀራ ሲጋገር፣ ወጥ ሲሠራና ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣ እርጥበቱ ስለሚጨምር፣ በቀዝቃዛ መስታወት ላይ ውኃ ይጠራቀምና መቃኑ ይበሰብሳል፣ ሻጋታም ይበቅላል። ሻጋታ በተለይ አስም ላለበት ሰው ጎጂ ነው። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ጉም ከታየ ማሸጊያው ተበላሽቷል ማለት ነው። ጠዋት በውጭ ገጽ ላይ ብቻ የሚታይ ጤዛ ግን ብልሽት አይደለም፤ ሙቀቱ ወደ ውጭ እንዳልወጣ ምልክት ነው።

ከመቀየር በፊት

አዲስ መስኮት በማሞቂያ ወጪ ቅነሳ ብቻ ዋጋውን ለመመለስ ብዙ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ መቃኑ ያልበሰበሰ ከሆነ በመጀመሪያ ክፍተቶችን በላስቲክና በሲልከን መድፈን፣ ከዚያም ተጨማሪ የውጭ ወይም የውስጥ መስኮት መግጠም ርካሽ አማራጭ ነው። ተከራዮች በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ የሚወጠረውን ስስ ፕላስቲክ ለአንድ ወቅት መለጠፍ ይችላሉ። ነገር ግን የመኝታ ክፍል መስኮት በእሳት ጊዜ መውጫ ስለሆነ በማይከፈት ሁኔታ መታሸግ የለበትም። በአሜሪካ ከ1978 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠሩ ቤቶች ደግሞ ቀለሙ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ስለሚችል፣ የቆየ መስኮት ሲፋቅ ወይም ሲነቀል አቧራው ከሕፃናት መራቅ አለበት።

መስኮቱ የሚቀየር ከሆነም አገጣጠሙ ከምርጫው እኩል ይመዘናል። በመቃኑና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት በፎም ካልተሞላና የዝናብ ውኃ መከላከያ ካልተደረገለት፣ ጥሩ ቁጥር ያለው መስኮትም ብርድ ያስገባል።