በዕረፍት ሰዓት የሚያልቅ ልምምድ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ዲ.ኤስ.ቲ.ቪ. የሚያሳይ ቤት ጎራ በሉ። አግዳሚው ጢም ብሏል። «ምን ይጎተታል! አይሮጥም እንዴ?» የሚል ጩኸት ይሰማል። የሚጮኸው ደጋፊ ግን የእንጦጦን ዳገት በእግሩ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ጠዋት ታክሲ፣ ቀን ወንበር፣ ማታ ኳስ። ለምን ስፖርት አትሠራም ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ጊዜ የለኝም።»

ይህን ሰበብ የሚፈትን ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ከካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ ስፖርት የማይሠሩ ወንዶችን ለ12 ሳምንታት፣ በሳምንት 3 ቀን ቋሚ ብስክሌት አስነዷቸው። አንደኛው ቡድን 45 ደቂቃ በመካከለኛ ፍጥነት ነዳ። ሁለተኛው 2 ደቂቃ አሟሟቀና 20 ሰከንድ ባለ በሌለ ኃይሉ ፔዳሉን መታ፤ 2 ደቂቃ ቀዝቀዝ አለ፤ እንደገና መታ። ሦስተኛውን 20 ሰከንድ ጨርሶ በ3 ደቂቃ ዝግታ አበቃ። ድምሩ 10 ደቂቃ ብቻ!

ውጤቱስ? አቻ! በሁለቱም ቡድኖች ሰውነት ኦክስጂን የመጠቀም አቅሙ 19 በመቶ አደገ። ኢንሱሊን ስኳርን የሚቆጣጠርበት አቅምም በሁለቱም ተሻሻለ።

ምስጢሩ ለኳስ አፍቃሪ እንግዳ አይደለም። የመስመር ተጫዋች ይፈተለካል፣ ያዘግማል፣ ደግሞ ይፈተለካል። በኃይል የሠራ ጡንቻ ያከማቸውን ስኳር ቶሎ ያቃጥላል፤ ለመተካት ከደም ይስባል። ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ጡንቻ ግን ይህን ጥሪ አያሰማም። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ድምፁን አጥፍቶ የሚገባውም በዚህ ክፍተት ነው።

ታዲያ ዘሎ መግባት የለም። የተጠኑት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ደረቱን የሚያመው፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር። ጀማሪው ሳምንታትን በለዘብተኛ ፍጥነት ይለማመድ። መኪና በሚበዛበት ጎዳና ላይ ሙሉ ኃይል መሞከር ቀይ ካርድ ነው፤ የጂም ቋሚ ብስክሌት ይሻላል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም የብስክሌት መንገድ አለው።

የጨዋታ ዕረፍት 15 ደቂቃ ነው። ልምምዱ 10 ይወስዳል። ለማኪያቶ 5 ደቂቃ ይተርፋል!