ነፍስ ስትወጣ የሚመጡ ሁለት መላእክት

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል በጎንደርና በሰሜን ሲጠቀሙባቸው ከኖሩት የግእዝ መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ መላእክት ይባላል። ሰው ሲያጣጥር ሁለት መላእክት ይመጣሉ ይላል፤ አንዱ የብርሃን፣ አንዱ የጨለማ። ነፍሲቱ ለእኔ ትገባለች እያሉ ይከራከሩባታል፤ ክርክሩንም የሚፈታው የሟቹ ሥራ ነው። በኦርቶዶክስ ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ከአራተኛው መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ በክርስቲያኑ ዓለም የተሰራጨው ራእየ ጳውሎስ ተመሳሳይ ክርክር ያሳያል፤ ያው ትረካ በኢትዮጵያ ራእየ ማርያም ሆኖ ተጽፏል። መመሳሰሉ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። የቤተ እስራኤል አበው ስለ ወዲያኛው ዓለም ያስተማሩበት ጽሑፍ አብዛኛው በክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው እጅ አልፎ የደረሳቸው ነው፤ እነርሱ ግን እንደተቀበሉት አላስቀመጡትም።

ማስረጃው በመጻሕፍቱ ላይ ይታያል። ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው በ1951 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ከዚህ በኋላም እንዲሁ) ተርጉሞ ካሳተማቸው የቤተ እስራኤል መጻሕፍት መካከል ራእየ ባሮክ አለ፤ ባሮክ የጻድቃንን ማረፊያና የኃጥአንን ሥቃይ በመልአክ እየተመራ ያያል። የክርስቲያኖቹንና የቤተ እስራኤልን ቅጂ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ጉዞው አንድ ነው። የሚለያዩት ሥላሴ፣ ክርስቶስ ወይም ማርያም በሚጠሩበት ቦታ ነው፤ በሥላሴ ስም የሚከፈተው መቅድም ወጥቶ የእስራኤልን አምላክ በሚባርክ ተተክቷል። ይህን ሥራ የሠሩት በተለይ መነኮሳት ይመስላሉ። ምንኩስና በሌላው ዓለም አይሁድ ዘንድ የማይታወቅ ሲሆን፣ በቤተ እስራኤል ትውፊት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468) የኖሩት አባ ሰብራ እንደጀመሩት ይነገራል። ሞተ ሙሴ የተባለው መጽሐፍ ደግሞ ከክርስቲያኑም ደጅ ያልፋል። ሙሴ መቃብር የሚቆፍሩ ሦስት ሰዎች ያገኛል፤ መላእክት መሆናቸውን አያውቅም፤ ለማን እንደሚቆፍሩ ይጠይቃል፤ ጉድጓዱ የእርሱ ነው። ይህ ታሪክ በዐረብ ሙስሊሞችም ዘንድ ይተረካል።

ጠንከር ያለ ተቃውሞ እዚህ ላይ ይነሳል። መጽሐፈ ሄኖክ ከክርስትና በፊት የተጻፈ የአይሁድ መጽሐፍ ነው፤ የአራማይክ ቁርጥራጮቹ በኩምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል፤ የሙታን ነፍሳት ፍርድ የሚጠብቁባቸውን ልዩ ልዩ ስፍራዎችም ይገልጻል። ታዲያ ቤተ እስራኤል የራሳቸውን ርስት እንጂ የሰው ገንዘብ መቼ ወሰዱ? ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ሐሳቡ ከየት እንደፈለቀና በየት እንደመጣ ግን ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ሰንበትን እንመልከት። ትእዛዘ ሰንበት በተባለው የቤተ እስራኤል መጽሐፍ ውስጥ ሰንበት እንደ ሴት ሆና በአምላክ ፊት ትማልዳለች፤ በሲኦል ያሉትም በእርሷ ምክንያት ዕረፍት ያገኛሉ። ታልሙድም የገሃነም እሳት በቅዳሜ እንደሚያርፍ ያውቃል። ሆኖም ቤተ እስራኤል ታልሙድ አልነበራቸውም። ራእየ ጳውሎስ ለኃጥአን የዕሁድን ዕረፍት ይሰጣል፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና ዕሁድን አብራ አጽንታለች። ስለዚህ ከአይሁድ የወጣ የሚመስል ተስፋ የክርስቲያን ልብስ ለብሶ በኢትዮጵያ ተራሮች እንደኖረ፣ ቤተ እስራኤልም ያን ልብስ አውልቀው ወደ ቤቱ እንደመለሱት ማሰብ ከሁሉ የተሻለ ማብራሪያ ይመስለኛል።

ሌላው ተቃውሞ ከቁስል የሚነሳ ነውና በጥንቃቄ ሊመለስ ይገባል። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል የዳን ነገድ አይሁድ መሆናቸውን ቢያውጁም፣ በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ ወደ እስራኤል የመጡት ስለ አይሁድነታቸው ባለ ጥርጣሬ በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ተጠይቀው በኢየሩሳሌም አደባባይ ሳምንታት ተቃውመዋል። በዚያ ያለፈ ማኅበረሰብ መጻሕፍትህ ከክርስቲያን መጡ ሲባል እንደ ክስ ቢሰማው አይፈረድበትም። ክስ ግን አይደለም። የአውሮፓ አሽከናዝ አይሁድ የሙት ዓመት መታሰቢያቸውን በጀርመንኛ ያርዛይት ይሉታል፤ ማይሞኒደስ ታላቁን የፍልስፍና መጽሐፉን በዐረብኛ ጽፎ ከአርስጣጣሊስ ጋር ተከራክሯል፤ በዚህ ይሁዲነታቸውን የጠረጠረ የለም። የጎንደር መነኩሴም የባዕዱን ብራና ይዞ የማያምንበትን ስም እየለየ ሲያወጣ እምነቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መሆኑን ያሳያል። ዝም ብሎ የሚቀዳ ሰው እንዲህ አይመርጥም።

በእስራኤል አሽቀሎን ከተማ ላለ አንባቢ እነዚህን መጻሕፍት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሞተ ሙሴን በ1906 ያሳተመው የዣክ ፋይትሎቪች ስብስብ የሚገኘው በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከአሽቀሎን ባቡር ጣቢያ በባቡር ይደረሳል። ከመጓዝህ በፊት ግን ግእዙን በቃል የሚያውቁ ቄስ በሰፈርህ ካሉ ሄደህ ጠይቃቸው፤ ፈቃዳቸው ከሆነም ድምፃቸውን ቅዳ። ብራናው ቆይቶም ይነበባል፤ ዜማውና ትርጓሜው ግን ያለው በእነርሱ ዘንድ ነው።