መስኮቱ ወዴት ይከፈታል?

ነገራችን ከሩቅ ይጀምራል፤ ከነጭ ዐባይ ዳርቻ፣ ከጁባ ወደብ። በሰላም ማስከበር ግዳጅ ጁባ ከርመው የተመለሱ አንድ ሃምሳ አለቃ በቅርቡ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ጎራ ብለው ነበር። ስለ ግዳጁ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ ወንዙ ጥቂት ካጫወቱን በኋላ ያላሰብነውን ነገር አነሡ።

«እኔ የማድርበት የብረት ክፍል ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ስፋቱ ሁለት ሜትር ተኩል የማይሞላ ነበር» አሉን። «ጠባብ ነው፤ ሆኖም መስኮት አለው፤ በሩም ወደ ደጅ ይከፈታል። ባለቤቴና ልጆቼ አዲስ አበባ የተከራዩት ቤት ከዚያ ይሰፋል፤ መስኮት ግን አልነበረውም። ከሁለታችን ማናችን ግዳጅ ላይ እንደነበርን እስካሁን እጠይቃለሁ።»

እኛም ይህን ሰምተን ዝም ማለት ስላልቻልን የዚህን ሳምንት የቤተሰብ ዐምድ ለኪራይ ቤት ሰጥተነዋል።

በቅድሚያ ጁባን ለማያውቋት አንባቢዎቻችን ጥቂት እንበል። ከተማዪቱ በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የካርቱም መንግሥት የጦር ሠፈር ሆና የኖረች፣ ፎቅ ቀርቶ በቂ የግንብ ቤት እንኳ ያልነበራት ነበረች። በጥር ወር 1997 ዓ.ም. የሰላሙ ስምምነት ሲፈረም ግን የዓለም አቀፍ ድርጅቱ ሠራተኛ፣ ነጋዴውና ባለሥልጣኑ በአንድ ጊዜ ጎረፈባት። ማደሪያ ስላልነበረም በወንዙ ዳር ድንኳን ተተከለ፤ የአንድ ሌሊት ዋጋውም እስከ መቶ ዶላር ደረሰ። ከድንኳኑ ቀጥሎ የመጣው ኮንቴይነር ነው። ሲሚንቶውና ብረቱ ከሞምባሳ ተነሥቶ በኡጋንዳ በኩል በኒሙሌ በር የሚገባ በመሆኑ፣ 192 ኪሎ ሜትሩ የጁባ ኒሙሌ መንገድም እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ አስፋልት ያልለበሰ ስለነበረ፣ ግንብ ከማቆም ይልቅ ተሠርቶ ያለቀውን የብረት ክፍል ጭኖ ማምጣት ይቀል ነበር። በር ተቆረጠለት፣ መስኮት ወጣለት፣ ማቀዝቀዣ ተገጠመለት፤ ሆቴልም ተባለ። እዚያ ሆቴልና ምግብ ቤት ከከፈቱት መካከል የሀገራችን ልጆች ጥቂት አልነበሩም። ጄኔሬተሩ ሲቆም ክፍሉ ምጣድ ይሆናል። በዚያች ሀገር ሙቀቱ እጅግ ከመበርታቱ የተነሣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እስከ መዘጋት ደርሰው ነበር።

ኮንቴይነር የተሠራው ዕቃ እንዲጫንበት ነው፤ ሰው እንዲያድርበት አይደለም። ዳሩ ግን ቤት ሲጠፋ ለሌላ ነገር የተሠራው ሁሉ ቤት ይሆናል። ሃምሳ አለቃው ይህን በወንዝ ዳር አዩት፤ ባለቤታቸው ደግሞ ከዋና ከተማችን ሳይወጡ አዩት።

ወይዘሮዋን ለማነጋገር የሄድነው አሁን ወደሚኖሩበት ቤት ነው። ስለ ፊተኛው ቤት ሲነግሩን ግን ወለሉ ላይ በጣታቸው እየሣሉ ነበር፤ ያለ ሥዕል የሚገባ አልነበረምና። ቤቱ በአንድ ቪላ ጓሮ የነበረ ሰርቪስ ነው። ቪላው ሲሠራ ማድ ቤት፣ ዕቃ ቤትና የሠራተኛ ማደሪያ ተብለው በተርታ የቆሙ ሦስት ክፍሎች ነበሩ። ባለቤትየዋ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጡረታው ስላልበቃቸው ሰርቪሱን በኮምፔንሳቶ ከፋፍለው ለአራት ተከራይ አደረጉት። እኒህ አረጋዊት ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወይዘሮዋ ይህን ደጋግመው አሳስበውናል። ያላቸውን ነው ያከራዩት።

ለወይዘሮዋ የደረሳቸው የቀድሞው ማድ ቤት ግማሹና የዕቃ ቤቱ ሲሦ ነው። ክፍሉ ስለዚህ የከዘራ ቅርጽ ነበረው። በማጠፊያው ላይ የሲሚንቶ ገንዳ ከነቧንቧው ተተክሏል፤ ሊነሣ አይችልም። አልጋ ሊገባ የሚችለው በዚያው በኩል ብቻ ስለሆነ ቧንቧው በራስጌ በኩል ቀረ። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ሌሊት ይመጣ ነበርና እመቤቲቱ የሚነቁት በጠብታ ነው። «ዝናብ የሚዘንበው ቤት ውስጥ ነው እያልሁ ለእሱ በስልክ እነግረው ነበር» አሉን እየሣቁ። ቁም ሣጥኑ በበሩ አልገባ ብሎ ሁለት ክረምት በሸራ ተሸፍኖ ደጅ አደረ።

ከሁሉ የገረመን ግን የመብራቱ ማብሪያ ነው። ኮምፔንሳቶው የተገተረው ከማብሪያው ወዲህ በመሆኑ፣ የወይዘሮዋ አምፖል የሚበራውም የሚጠፋውም ከጎረቤቲቱ ክፍል ነበር። ልጆቹ ሲተኙ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ይመታሉ፤ ጎረቤቲቱ፣ አንዲት የነርስ ተማሪ፣ «እሺ እትዬ!» ብላ ታጠፋላቸዋለች። ለፈተና ስታነብ አምሽታ እንቅልፍ የጣላት ቀን ሁሉም በመብራት ያድራሉ።

ይህን የሚያነብ ተከራይ ሁሉ ፈገግ እንደሚል አንጠራጠርም፤ የራሱ የሆነ አንድ ነገር አያጣምና። በአንድ ሠፈር ለመውጣት በሌላ ተከራይ መኝታ ማለፍ የግድ ነው፤ በሌላው ደግሞ ከክፍሉ መካከል የቪላው ምሰሶ ቆሞ ጠረጴዛ አላስቀምጥ ይላል።

እንዲህ ያለው ቤት በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። የአዲስ አበባ መኖሪያ አብዛኛው ለረጅም ዘመን ከባሕር ዛፍ ማገር፣ ከጭቃና ከጭድ የተሠራ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነበር። ጭቃ ቤት ለመቀጠልም ሆነ ለመክፈል ይመቻል፤ ግድግዳ ማቆም የሁለት ቀን ሥራ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተላለፉ፤ ዝቅተኛው ኪራይም ተቀነሰ። ለድኻው ተከራይ ትልቅ እፎይታ እንደነበረ የማይካድ ነው። ሆኖም በዚያች ኪራይ ጣሪያ መጠገን አይቻልም፤ ቤተሰቡ ግን ይበዛል። ልጅ አድጎ ሲያገባ ወዴት ይሂድ? ወደ ላይ ወጣ፤ በቆርቆሮውና በወለሉ መካከል ቆጥ ተሠራ፤ በመሰላል የሚወጣ፣ ቀጥ ብሎ የማይቆምበት መኝታ። ወደ ጎንም ተቀጠለ። ኪራይ በግልጽ በማይቻልበት ጊዜም ሰው ዘመድ ነው እየተባለ በአንድ ጣሪያ ሥር በደባልነት ይጠጋ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደግሞ የጋራ መኖሪያ ቤቱ መጣ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም በየአቅጣጫው ሲቆም እንጀራ መጋገሪያና ልብስ ማጠቢያ ተብሎ ለየሕንፃው የጋራ ቤት እንዲኖር ታስቦ ነበር። የእኛ ሰው ምጣዱን ተሸክሞ ደረጃ መውረድ ስላልሆነለት ምጣዱ ወደ በረንዳ ወጣ፤ በረንዳውም በላሜራ ተከድኖ ማድ ቤት ሆነ፤ ከበስተኋላው ያለው ክፍልም በዚያው ብርሃኑን አጣ። በ2005 ዓ.ም. ለዕጣ የተመዘገበው ሕዝብ ከ800 ሺህ በላይ ነበር። ዕጣ ከወጣላቸውም አያሌዎቹ የባንክ ዕዳውን ለመክፈል ቤቱን አከራይተው ራሳቸው ወደ ጓሮ ቤት ተመለሱ። እንግዲህ ባለ ቤትና ቤት ፈላጊ ለአንዲት ሰርቪስ የሚሽቀዳደሙበት ጊዜ መጣ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው ነባር ቤቶች ሲነሡ ደግሞ ከአሮጌው ጭቃ ቤት ጋር አነስተኛው ኪራይ አብሮ ሄደ።

ወደ ወይዘሮዋ እንመለስ፤ ቀልዱ የሚያበቃበት ሌሊት አለና።

ሐምሌ ነበር። ሕፃኑ አስሎት ስለነበር ክፍሉ እንዲሞቅ ብለው ቡና ያፈሉበትን ፈርኔሎ አላወጡትም። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ስላቆመ ምንም አይደለም አሉ። በሩን ለብርዱ ዘጉት፤ ከበሩ ሥር ያለውንም ክፍተት በጨርቅ ወተፉት። የመብራት ማጥፊያውን ግድግዳ መቱ፤ ተኙ። እኩለ ሌሊት ላይ ራሳቸውን እንደ መዶሻ ሲመታቸው ነቁ። ሊነሡ ቢሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። ትልቋን ልጅ ቢጠሩ አልመለሰችም። በክንዳቸው እየተጎተቱ ያችኑ ግድግዳ መቱ፤ ሁለት ጊዜ ሳይሆን ደጋግመው። የነርስ ተማሪዋ መብራቱን አበራችና አጠፋች። ምቱ አላቆመም። ያን ጊዜ ነገሩ መብራት እንዳልሆነ ገባት፤ በሩን ገፍታ ገብታ ልጆቹን ተራ በተራ ወደ ግቢው አወጣች። እማማም ነጠላቸውን ጥለው እየጮኹ መጡ። ሲነጋ ሁሉም ጤና ጣቢያ ነበሩ፤ ሁሉም ተርፈዋል።

ጭሱ ያቆመ ከሰል ደኅና ነው የሚለው እምነት በአያሌ ቤት ያለ ስለሆነ ነገሩን ገለጥ እናድርገው። ከቀላ ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ የተኛ ሰው ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ሳይሰማ ሊሞት ይችላል። የታመመውን ወዲያው ወደ ደጅ ማውጣት፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ማድረስ እንጂ ፊቱን በውኃ መርጨት አያድነውም። ፈርኔሎ ያለበት ክፍል አየር የሚገባበትና የሚወጣበት ይፈልጋል። መስኮት የሌለው ቤት ውስጥ ከሰል ይዞ መተኛት በምንም ምክንያት የማይደረግ ነው።

ወይዘሮዋ ሲሻላቸው እማማን አንድ ነገር ለመኑ፤ መስኮት እንዲከፈትላቸው። «ልጄ፣ ወዴት ልክፈትልሽ?» አሏቸው። የኋላው ግድግዳ የወሰን ግድግዳ ነው፤ ቢፈርስ የሚታየው የሰው ግቢ ነው። የግራና የቀኙ ኮምፔንሳቶ ነው። የፊቱ በር ነው። እማማ እውነታቸውን ነበር፤ ቤቱ መስኮት ሊኖረው አይችልም ነበር። ቀድሞ ማድ ቤት ሳለ የነበረው መስኮት ዛሬ በጎረቤቲቱ ክፍል ውስጥ ነው።

የቤት እጥረት የሕንፃን ሕግ እንዲህ ሲያጣምም የእኛ ከተማ የመጀመሪያ አይደለችም። በኒው ዮርክ ስደተኛው በበዛበት ዘመን ብርሃን የማያዩ የመካከል ክፍሎች በሺህ የሚቆጠሩ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1901 የወጣው ሕግ ነው አዲስ በሚሠራ የኪራይ ሕንፃ እያንዳንዱ ክፍል ወደ ደጅ የሚከፈት መስኮት እንዲኖረው ያስገደደው። በሆንግ ኮንግ አንዱን መኖሪያ ለብዙ ከፋፍሎ ማከራየት እስከ ዛሬ ያለ ችግር ሲሆን፣ መንግሥቱ አነስተኛውን ስፋት 8 ካሬ ሜትር አድርጎ መስኮትንም ለማስገደድ ያሰበው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። በእኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ባሏ ግዳጅ ላይ ያለች ሴት «በዚህ ወር ልቀቂ» ስትባል የምትይዘው ወረቀት ስለሚሆን ውሉን በእጅ ማድረግ ይበጃል። ውሉ ግን የመብራት ማጥፊያው ከየትኛው ወገን እንዳለ አይናገርም። ያንን ማየት የተከራዩ ፈንታ ነው።

ወይዘሮዋ ሁለተኛውን ቤት ሲፈልጉ ያደረጉትን ነግረውናል፤ ለሌሎችም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ደላላው በቀን ያሳያቸውን ቤት በማታ ተመልሰው ያዩታል፤ መብራቱን ራሳቸው አብርተው ራሳቸው ያጠፉታል። የአልጋውንና የቁም ሣጥኑን ልክ በሲባጎ ቋጥረው ይዘው ነበር፤ በር ላይ ሲደርሱ ሲባጎውን ይዘረጋሉ። ውኃ የሚመጣበትን ቀን የሚጠይቁት አከራዩን ሳይሆን በግቢው ልብስ የምታጥበውን ሴት ነው። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ እንጀራ በየትኛው ቀን እንደሚጋገር አስቀድመው ይነጋገራሉ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ስለሆነ በቀጭን ሽቦ ላይ ሁለት ምጣድ አይጣድምና። ግድግዳውን በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጋሉ፤ ጭቃ፣ ብሎኬት ወይስ ኮምፔንሳቶ? «ከዚህ ሁሉ በፊት ግን» አሉን «መስኮቱ ወዴት ይከፈታል ብዬ እጠይቃለሁ። ዝም ካለ ወደ ቀጣዩ ቤት እሄዳለሁ።»

ዐሥራ አንድ ቤት አይተዋል። ዐሥራ ሁለተኛው ከፊተኛው ያነሰና ኪራዩ የበለጠ ነው፤ ልዩነቱን ለመሸፈን ሃምሳ አለቃው ከጁባ የሚልኩት ላይ መጨመር ነበረባቸው። መኝታና ሳሎን አንድ ነው፤ ማድ ቤቱ ከግቢው ማዶ ነው፤ ክረምት ላይ ድስት ተሸክሞ መሮጥ አለ። መስኮቱ ግን በሁለት ክንፍ ወደ ምሥራቅ ይከፈታል። ቁም ሣጥኑም ገብቷል፤ እኛው ራሳችን ከፍተን አይተነዋል። የነርስ ተማሪዋ እሑድ እሑድ እየመጣች ቡና ትጠጣለች፤ ፈርኔሎው ደጅ ነው።

ሃምሳ አለቃው በተመለሱ ዕለት ቤቱን በእርምጃ ለኩት አሉ። ርዝመቱ አምስት እርምጃ ከሩብ ሆነ። «ከኮንቴይነሩ ያንሳል» ቢሉ ባለቤታቸው «አንተ ደግሞ ለአራት አካፍለህ ለካ» አሏቸው።

በየሠፈሩ ያላችሁ እመቤቶች፣ በግዳጅ ላይ ያላችሁም አባሎቻችን፣ የኖራችሁበትን እንግዳ ቤት ሥዕል በእርሳስ ነድፋችሁ ብትልኩልን በሚቀጥሉት ሳምንታት በዚሁ ዐምድ እናወጣለን። የአከራይ ስም አይጻፍ፤ በሩና መስኮቱ ግን በግልጽ ይታይ።