በጥሊሊ ገበሬ ቤት ማገዶን ስለ መቆጠብ

በጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ፣ በጥሊሊ ዙሪያ ለሚሠራ የልማት ሠራተኛ ስለ ማገዶ ቁጠባ ማስተማር ቀላል አይደለም። ገበሬው ወደ ማሳው ዳር ያመለክታል፤ ባሕር ዛፍ አለ፣ ዲከረንስም አለ። «እንጨት ሞልቶ ሳለ ስለ ምን እንቆጥባለን?» ቢል አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ ዲከረንስ በአዊ ዞን እንደ ሰብል መቆጠር ከጀመረ ቆይቷል። በፋግታ ለኮማ በሰፊው እንደሚታየው፣ ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ያለማል፤ ከዚያ ሣሩን ያጭዳል፤ ከ4 እስከ 5 ዓመት ሲሞላው ቆርጦ ያከስላል። እንግዲህ በምድጃ ውስጥ ያለ ጥቅም የሚነደው እንጨት ለገበያ ሊቀርብ የሚችል ሀብት ነው። በዚህ ላይ በ2010ዎቹ ዓ.ም. በዞኑ የዲከረንስ ተክል ላይ የታየው የዝገት በሽታ ብዙ ማሳ ስለ ጎዳ፣ ዛፉ ሁልጊዜ እንደ ልብ ይገኛል ብሎ መተማመን አይቻልም።

በአገራችን አንድ የገጠር ቤተሰብ ከሚያነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስደው የእንጀራ ጋገራ ነው። ስለዚህ ቁጠባው መጀመር ያለበት ከምጣዱ ሥር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ እሳቱ በየጎኑ ያመልጣል፤ ለእንጀራው የሚደርሰው ሙቀት ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል ቢሆን ነው። የቀረው ግድግዳውንና የጋጋሪዋን እግር ያሞቃል።

ለዚህ የተዘጋጀው ምርጥ ምድጃ ነው። ምድጃው በሲሚንቶና በአሸዋ ወይም በቀይ አሸዋ የሚሠራ ሲሆን፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚያቅፉ ክፍሎችና በስተ ኋላ የጭስ መውጫ አለው። በአግባቡ ከተተከለ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። «በአግባቡ» የሚለው ቃል ሊሠመርበት ይገባል። ሲሚንቶው በየቀኑ ውኃ እየጠጣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይቆይ እሳት ከነካው ይሰነጠቃል። ክፍሎቹ የሚጋጠሙበት ቦታና የምጣዱ ዙሪያ በጭቃ ካልተመረገ ደግሞ እሳቱ እንደ ጉልቻው ያመልጣል። በጭስ መውጫው ላይ ድስት ቢጣድ ወጥ ያሞቃል፤ ይህንን ብዙ ቤተሰብ አይጠቀምበትም።

እናቶችን የሚያሳምነው ንግግር ሳይሆን ሚዛን ነው። የልማት ሠራተኛው አንድ ዓይነት ደረቅ እንጨት መዝኖ ለጋጋሪዋ ይስጥ፤ ዛሬ በጉልቻ፣ በሌላ ቀን በምርጥ ምድጃ፣ ያው እጅ፣ ያው ምጣድ፣ ያው 30 እንጀራ ይሁን። ጋገራው ሲያበቃ የተረፈው እንጨት ይመዘን። ልዩነቱን ባልየው በዓይኑ ማየቱ ይጠቅማል፤ እንጨቱን የምታነደው እርሷ ብትሆንም፣ ለምድጃ የሚወጣውን ገንዘብ የሚፈቅደው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነውና። ማብራሪያው በአገውኛ ቢሆን ይበልጥ ይሰማል።

ገንዘብ የማይጠይቅ ቁጠባም አለ። እንጨት ክረምት ሳይገባ ተፈልጦ በታዛ ሥር ይደርደር፤ እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ውኃውን ለማትነን ይጨርሰዋል፣ ጭሱም ይበዛል። ባቄላና ሽምብራ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ቢያድር ቶሎ ይበስላል። ድንች ሲቀቀል ድስቱ ይከደን። ምጣድ ለማሟሸት የሚነደው ማገዶ ቀላል ስላልሆነ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ሊጣቸውን በአንድ ቀን አድርሰው በአንድ የጋለ ምጣድ ተራ በተራ ቢጋግሩ ይጠቀማሉ። በጥሊሊ ከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላቸውም እንዲሁ፤ ምጣዱ ሦስት ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ስለሚስብ ለጥቂት እንጀራ በየቀኑ ማጋል ኪሳራ ነው።

ልጆች ባሉበት ቤት ጉዳዩ ከገንዘብ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ዙሪያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። በእናቱ ጀርባ ታዝሎ የሚውል ሕፃን የምትተነፍሰውን ጭስ ይተነፍሳል። ዳዴ የሚለው ደግሞ ክፍት እሳት ውስጥ ይወድቃል። ምርጥ ምድጃ እሳቱን ስለሚከልል ቃጠሎን ይቀንሳል፤ ጭሱን ግን ፈጽሞ አያጠፋም። በመሆኑም ማድ ቤቱ መስኮትና ከጣራው ሥር የጭስ ማስወጫ ሊኖረው ይገባል። ለጭራሮ ለቀማ ይሄድ የነበረ ልጅ ሰዓቱ ለትምህርት ይተርፍለታል።

እዚህ ላይ ስለ ከሰል አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጥሊሊ ብርድ አገር ነው፤ በክረምት ሌሊት ፍም አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት የተለመደ ነው። ከፍሙ የሚወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለው፤ ቤተሰብ እንደተኛ ይገድላል። ፍም ከመኝታ በፊት ከቤት ይውጣ። ከሰል ለሚጠቀሙ፣ ላቀች የተባለው ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ሆኖም በአፈር ተከድኖ ከሚከሰል 100 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከሰል ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ስለማይበልጥ፣ እንጨት ያለው ገበሬ ለራሱ ቤት ከሰል ማንደዱ አይመከርም።

ማገዶ ሲተርፍ ኩበትም ይተርፋል። የአካባቢው አፈር አሲዳማ በመሆኑ ፍግ ከምድጃ ይልቅ ለገብስና ለድንች ማሳ ያስፈልጋል። የእንጨት አመድም አሲድን ስለሚያለዝብ በጓሮ ማሳ ላይ ቢበተን ይጠቅማል።

ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሚንቶውን በጅምላ ገዝተው፣ ቅርጽ ማውጫውን በጋራ ይዘው፣ ለአባላት በዱቤ ማደል ይችላሉ። የታደለውን ምድጃ ቁጥር ብቻ መዝግቦ ሪፖርት መላክ ግን ሥራ አይባልም። ከሦስት ወር በኋላ ቤት ለቤት ተዞሮ ስንቱ እንደሚነድ፣ ስንቱ ማዕዘን ላይ እንደተቀመጠ ይታይ። ምድጃው በክፍል በክፍል የተሠራ በመሆኑ አንዱ ጎን ቢሰበር ያንኑ ጎን ብቻ መተካት ይቻላል፤ ስለዚህ ማኅበሩ መለዋወጫ ጎኖችን በመጋዘኑ ይያዝ።